በጠለፋ ላይ መሳቅ ይፈቀዳል ወይ?

ዛሬ ስለ ጦርነት፣ ስለ ኑሮ ውድነትና ስለ ሹማምንት አልጽፍም፤ ስለ ሳቅ ልጽፍ ነው። «አገር እንዲህ ሆና ስለ ሳቅ?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ይታገሠኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከአገር ጉዳይ አይወጣም።

እዚህ ደብረ ታቦር ለማስተምራቸው የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የበርናርድ ሾውን «ፒግማልዮን» የተሰኘ ኮሜዲ ካስነበብኳቸው በኋላ ከተውኔቱ የተሠሩ ሁለት ፊልሞችን አሳየኋቸው። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው ነው፤ ሁለተኛው «ማይ ፌር ሌዲ» የተባለው የ1964 የሙዚቃ ፊልም ነው። ላላነበበ ሰው ባጭሩ፦ አንድ የሥነ ድምፅ ሊቅ አንዲትን አበባ ሻጭ ድኻ ልጅ አነጋገሯን ለውጦ ወይዘሮ ሊያስመስላት ይወራረዳል። ውርርዱንም ይረታል። ልጅቱን ግን እንደ ሰው አይቈጥራትም፤ እርሷም በመጨረሻ ጥላው ትሄዳለች።

ሾው የጻፈው መጨረሻ መለያየት ነበር። ተመልካችና ተዋናይ ግን አልፈቀዱለትም። እ.ኤ.አ. በ1914 ለንደን ላይ ሲታይ ሊቁን የሚጫወተው ተዋናይ መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት ለልጅቱ አበባ እየወረወረ ፍቅረኛሞች አስመሰላቸው። ሾው ተቈጣ፤ በ1916ም ልጅቱ ሊቁን እንዳላገባችው የሚያስረዳ ረጅም ማብራሪያ ጻፈ። ከንቱ ድካም! የ1938ቱ ፊልም ልጅቱን ወደ ሊቁ ቤት መልሶ አስገባት። ይባስ ብሎ ሾው ራሱ ለዚሁ ፊልም ጽሑፍ ኦስካር ተሸለመበት።

ተማሪዎቼ ከሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ «ፊልሙ ተውኔቱን ከድቶታል» አሉ። ሌሎቹ «ተመልካች ገንዘቡን ከፍሎ የሚገባው ልቡ የሚሻውን ሊያይ ነው፤ ቢጋቡ ምን ነበረበት?» አሉ። ክርክሩ በወጉ እየሄደ ሳለ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች።

«መምህር፣ ነገ አንድ አዘጋጅ ተነሥቶ \"ጠልፎ በኪሴ\"ን ፊልም ቢያደርገውስ?»

ያን ጊዜ ክፍሉ ተናወጠ። ስለ እንግሊዝ ልጅ ሲከራከሩ የነበሩት በጨዋ ደንብ ነበር፤ ስለ ራሳችን ሲሆን ግን መደማመጥ ጠፋ። ከክፍል ወጥቶ ወደ መምህራን ክበብ ገባ፤ ከዚያም እስከ ዛሬ አልወጣም። እኔም ዝም ብዬ መክረሜ ስላላማረኝ እነሆ ብዕሬን አነሣሁ።

«ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» የጸሐፌ ተውኔት መንግሥቱ ለማ ሁለት ዕውቅ ኮሜዲዎች ናቸው። መንግሥቱ የቤተ ክህነቱ ሊቅ የአለቃ ለማ ኃይሉ ልጅ ናቸው፤ ለንደን ተምረው ተመልሰዋል። ቅኔውንም ፈረንጁንም ያውቃሉ። «ጠልፎ በኪሴ» የተማሩ የከተማ ጎልማሶች ሚስት ፍለጋ ቢጨንቃቸው ወደ አባቶቻቸው ልማድ ወደ ጠለፋ ሲመለሱ ያሳያል። ልብ በሉ! ጠላፊው ጋሻ ጃግሬ ያስከተለ ባላገር አይደለም። መጽሐፍ ያነበበው፣ ስለ ሥልጣኔ የሚያወራው ሰው ነው።

እንግዲህ በክበባችን ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ይህ ተውኔት እንኳን ፊልም ሊሠራበት ከመደርደሪያም መውረድ የለበትም፤ ጠለፋ የሚያስቅ ነገር አይደለም» ይላል። ሁለተኛው ወገን «ኮሜዲ ነው፣ ባህል ነው፣ ሳቁና ሂዱ፤ ሁሉን ነገር ፖለቲካ አታድርጉት» ይላል። የመጀመሪያው ወገን ተሳስቷል፤ የሁለተኛው ስሕተት ግን ይብሳል።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ ክርክሩ ክብደት አለውና። አንዲት የማከብራት ባልደረባዬ «እኔ ድፍረትን ነው የምመርጠው» አለችኝ። «ድፍረት» የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ፊልም ነው፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጠላፊዋን ገድላ ፍርድ ቤት በቆመች የ14 ዓመት ልጅ ታሪክ ላይ ተመሥርቶ የተሠራና በ2006 ዓ.ም. በሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል የተመልካቾችን ሽልማት ያገኘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት ትእዛዝ መቋረጡም ይታወሳል። ፊልሙን አከብረዋለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፦ ያንን ፊልም ያየ የተማረ የከተማ ሰው ሲወጣ ማንን እየረገመ ይወጣል? ባላገሩን። ፈረስ ላይ ያለውን፣ ጠመንጃ የያዘውን፣ ሩቅ ያለውን። እንባ ያጥባል፤ ያጠበውንም ሰው ንጹሕ ነኝ ያሰኘዋል። «ጠልፎ በኪሴ» ግን ጣቱን የሚቀስረው ወደ አዳራሹ ነው። ተከሳሹ እኔና እርስዎ ነን፤ ዲግሪ ያለን፣ ጋዜጣ የምናነብ፣ ሲጨንቀን ግን «ባህላችን ነው» የምንል። ይህን ክስ እንባ ሊያቀርበው አይችልም፤ ሳቅ ብቻ ነው የሚችለው። የዘመናዊ ቴአትራችን ፈር ቀዳጅ የሆነው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «የአውሬዎች ኮሜዲያ» ወዲያው የታገደው ስላስለቀሰ አልነበረም። ሹም የሚፈራው ሳቅን ነው።

ወደ ሁለተኛው ወገን ልለፍ። «ሳቁና ሂዱ» ለሚሉት መልሴ አያቴ ናት።

አያቴ የእስቴ ልጅ ነበረች። በ13 ዓመቷ ውኃ ቀድታ ስትመለስ ተጠለፈች። ጠላፊዋ አያቴን ካገባ በኋላ ሽማግሌ ልኮ፣ ካሣ ከፍሎ፣ ታርቆ የኖረ፣ በአገሩ የተከበረ ሰው ነው፤ አያቴ የሚባለውም እርሱ ነው። ይህ ታሪክ በቤታችን የቡና ማጣጫ ነበር። አንዱ አጎቴ ተነሥቶ እንስራው እንዴት እንደ ወደቀ፣ ልጅቱ እንዴት እንደ ጮኸች፣ የሚዜውን ጆሮ እንዴት እንደ ነከሰች እያስመሰለ ይጫወተዋል። ቤቱ በሳቅ ይናጋል። እኔም እስቅ ነበር። አርባ ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ስቄአለሁ። አንድ ቀን ግን ዐይኔ ወደ አያቴ ሄደ። በረካውን እየቀዳች ነበር። አልሳቀችም፤ አልተቈጣችምም። ለማንም ሳትል «እንስራው የእናቴ ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ ያንን ጨዋታ ሰምቼ መሳቅ አልቻልኩም።

በሁለቱ ሳቆች መካከል ያለው ልዩነት ይህ ነው። በቤታችን የሚሳቀው በተጠለፈችው ላይ ነበር። መንግሥቱ ለማ ያሳቁን በጠላፊው ላይ ነው። ላዩ ሰም ያው ሳቅ ነው፤ ወርቁ ግን ሌላ ነው። ደቡብ ጎንደር ዙር አምባንና ቤተልሔምን የመሳሰሉ የአብነት ትምህርት ቤቶች ያሉበት፣ ቅኔ የሚዘረፍበት አገር ነው። ሰሙን ሰምቶ ወርቁን የሚስት ተመልካች ሆነን መገኘታችን ያሳፍረኛል።

ፊልም የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው። በመድረክ ላይ ዐይናችን ወደሚናገረው ተዋናይ ይሄዳል፤ ዝም ብላ የቆመችውን ልጅ ማንም አያያትም። ካሜራ ግን ፊት መምረጥ ይችላል። ጎልማሶቹ ሲፎክሩ፣ ስለ ባህልና ስለ ሥልጣኔ ሲፈላሰፉ፣ ካሜራው ልጅቱ ፊት ላይ ቢቆይ ከተውኔቱ አንድ ቃል ሳይለወጥ ተመልካቹ ሳቁን የት ማቆም እንዳለበት ያውቃል። ይህ ክህደት ነው የሚል የተውኔት ወዳጅ ካለ፣ ከጸሐፊው ቃል ይልቅ ልማዱን ወድዷል እለዋለሁ።

የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ሠርግ። የአማርኛ ፊልም ሠርግ ይወዳል። ሾውን የረታው የአበባው መወርወር እኛም ዘንድ በእልልታና በኬክ መቍረስ ይመጣል፤ «ተጠለፈች፣ ነገር ግን ወደደችው» ተብሎ በዘፈን ይዘጋል። ይህን መጨረሻ ደግሞ ፊልም ሠሪ አልፈጠረውም፤ ሕጋችን ቀድሞ ጽፎታል። የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የተጠለፈችው በፈቃዷ ጠላፊዋን በሕግ ካገባችው ክሱ ይቀራል ይል ነበር። በሽማግሌ፣ በአባትና በካሣ ተከብባ የምትቆም ልጅ «ፈቃድ» ምን እንደሆነ እግዜር ይወቀው! መንግሥቱ ለማ ተውኔቱን ሲጽፉ ይህ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ሠርግ ሲመጣ ወንጀል የሚሰረዝበት አገር፣ ሕጉ ራሱ ኮሜዲ አልነበረም ትላላችሁ? ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 587 ጠላፊን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ጋብቻ መፈጸሙም ከቅጣት አያድነውም። ሕጉ መጨረሻውን ለወጠ። የእኛ ልብ ግን አሁንም መጋረጃው ሳይዘጋ አበባ ወርውሩልኝ ይላል።

«ይህ ያለፈ ታሪክ ነው፤ ዛሬ ማን ይጠልፋል?» የሚል ካለ ደግሞ፣ በየትኛው አገር ነው የሚኖረው? በ2012 ዓ.ም. የታገቱትን የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ረሳናቸው? በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ መንገድ ላይ የታገቱትንስ? በዚህ በእኛ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ሰው አግቶ ገንዘብ መጠየቅ የኑሮ መተዳደሪያ እስከ መሆን ደርሷል። ስሙ «እገታ» ተባለ እንጂ ሥራው ያው ነው፤ ሰውን እንደ ዕቃ አንሥቶ መሄድ፣ ከዚያ ሽማግሌ ልኮ መደራደር። አጋቹ ሁሉ ምክንያት አለው። ከጎኑ ሆኖ ምክንያቱን በጥሩ ቋንቋ የሚጽፍለት የተማረ ሰው ደግሞ አያጣም። መንግሥቱ ለማ የሳቁበት ሰው አልሞተም፤ ስልክ ይዞ ማብራሪያ እየጻፈ ነው።

ስለዚህ ለባልደረባዬ የምላት ይህ ነው፦ ሕመሙን አልካድኩም፤ ያንቺ ጥርጣሬ ከሌሎቹ ፌዝ ይሻለኛል። ነገር ግን ጠላፊውን ካልሳቅንበት በክብሩ ይኖራል፤ የእኔ አያት በክብሩ ኖሮ በክብር እንደ ተቀበረ። ለአዘጋጆች ደግሞ፦ ሥሩት። ሥሩትና እንጣላ። ሠርግ ግን አትጨምሩበት፤ ካሜራችሁንም ከልጅቱ ፊት አታንሡ።

እኔ የጠላፊ የልጅ ልጅ ነኝ። ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት በዚያ ቤት የሳቅኩትን ሳቅ መልሼ ለመዋጥ ስላልቻልኩ ነው።

ቸር ይግጠመን።