ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ጠግቧል ማለት አይደለም



ስለ ዋግ ኽምራ ረሃብ በስልካችን ወሬ ሲመጣ ብዙዎቻችን ፎቶ አይተን እንፈርዳለን። አንዱ «ተጋኗል» ይላል። ሌላው «ልጁ እኮ አያለቅስም፤ ቢሰጡትም አይበላም» ይላል። ረሃብ ግን በኮሜንት ክርክር የሚወሰን ጉዳይ አይደለም፤ የሚለካ ነገር ነው።

ጨጓራችን ባዶ ሲሆን ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይለቃል። የጃፓን ተመራማሪዎች በ1999 እ.ኤ.አ. ያገኙት ይህ ሆርሞን ለአንጎል «ምግብ አምጣ» የሚል መልእክት ያደርሳል፤ ከምግብ በፊት ከፍ፣ ከተበላ በኋላ ዝቅ ይላል። ምግቡ አንጀት ሲደርስ ደግሞ ጂኤልፒ-1 የሚባለው ወጥቶ «ይበቃል» ይላል። ጾመኛ ይህን ጥሪ ያውቀዋል። የእኛ ረሃብ ግን የማፍጠሪያ ሰዓት አለው፤ የዚያ ልጅ ረሃብ የለውም።

እነዚህን ሆርሞኖች በደም መለካት ይቻላል፤ ቀላል ግን አይደለም። ጂኤልፒ-1 ደም ውስጥ በ2 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይፈርሳል። ስለዚህ ደሙ እንደተቀዳ መከላከያ ኬሚካል ወዳለበት ቱቦ መግባት፣ በበረዶ መያዝ፣ ቶሎ መጣራትና በብርቱ ቅዝቃዜ መቀመጥ አለበት። አንዱ ከዘገየ ውጤቱ አይታመንም። ምርመራው በአብዛኛው ለምርምር እንጂ ለየዕለት ሕክምና የማይውለው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቁጥሩ ቢገኝ እንኳ ሁሉንም አይነግረንም። በጣም የከሳ ሰው ደም ውስጥ ግሬሊን ብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ ይገኛል። እንዲያም ሆኖ በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳ ልጅ ምግብ እምቢ ሊል ይችላል፤ ኢንፌክሽንና የተጎዳ አንጀት ፍላጎቱን ይዘጉበታልና። እንግዲህ «አይበላም» የሚለው ቃል የጥጋብ ምስክር ሳይሆን የአደጋ ምልክት ነው።

አልሃምዱሊላህ፣ ለሰቆጣ ልጅ የሚሆን መለኪያ ላብራቶሪ አያስፈልገውም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ክንዱ በቴፕ ተለክቶ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ከባድ የምግብ እጥረት አለበት። ሁለቱም እግሮቹ ካበጡና በጣት ሲጫኗቸው ከጎደጎዱም እንዲሁ ነው። ከዚያ ባለሙያዋ ፕላምፒነት ሰጥታ ይበላ እንደሆነ ታያለች። እምቢ ካለ ተኝቶ መታከም አለበት። ይህች ቀላል ፈተና የአንጀትን መልእክት ያለ መርፌ ታነባለች።

መንግሥት በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት የገባው ቃል የሰቆጣን ስም ይዟል፤ የሰቆጣ ቃል ኪዳን ይባላል። ቀነ ገደቡ እየቀረበ ነው። እኛ ግን ዛሬም ረሃቡ እውነት ነው ወይስ ውሸት እያልን እንከራከራለን።

ወጣቶች ሆይ! ሰደቃ ስታደርሱ እህሉን አስቀምጣችሁ ብቻ አትመለሱ። ልጆቹ ክንዳቸው መቼ እንደተለካ ጠይቁ። ካልተለኩ ወደ ጤና ኬላ ውሰዷቸው፤ ቴፑ ወይም ፕላምፒነቱ ካለቀ ደግሞ ለወረዳው አሳውቁ። ስልካችንም ከክርክር ይልቅ ለዚህ ይዋል።

አላህ የተራበን አይተው ከማያልፉት ያድርገን። ወሰላሙ ዐለይኩም።