«አብራሪው ፈራ» አትበሉ!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከአገሬ ከቆቦ ነው። ጸሐፊው ስሙ እንዳይጠቀስ ስለለመነኝ አልጠቅሰውም።

እናቱ ወገባቸውን ታመው አዲስ አበባ ይታከማሉ። ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መቀመጥ ስላቃታቸው ልጆቻቸው ገንዘብ አዋጥተው በአውሮፕላን ላኳቸው። ሲመለሱ ግን አውሮፕላኑ መሬት ሊነካ ሲል ወዲያና ወዲህ ዋለለ፤ ከዚያም አጓርቶ ሽቅብ ተነሣ። ተሳፋሪው በሙሉ «ማርያም! ማርያም!» አለ። አብራሪው ዞሮ መጥቶ በሁለተኛው በሰላም አሳረፋቸው። እናት ግን «ሁለተኛ እግሬን አላነሣም» ብለው ማሉ። የሐኪም ቀጠሯቸው ደግሞ ቀርቧል። ጎረቤቱም «አብራሪው ጀማሪ ነው፤ ፈርቶ ነው» እያለ ነገሩን ያባብሳል። «ልጫናቸው ወይስ ልተዋቸው?» ይላል ልጅ።

ወንድሜ፣ አትጫናቸው። መጀመሪያ የሆነውን አስረዳቸው። የራያን ሰው ስለ ነፋስ ማስተማር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ገበሬው አውድማ ላይ ላይዳውን ይዞ ነፋስ የሚጠብቀው ፍሬውን ከገለባው እንዲለይለት ነው። አብራሪ ደግሞ ሲያርፍ የሚወደው ፊት ለፊት የሚመጣውን ነፋስ ነው፤ ፍጥነቱን ያበርድለታል። ችግሩ ማኮብኮቢያው ካለበት አይነቃነቅም፤ ነፋሱ ግን እንደፈለገው ይዞራል። ከጎን ሲመጣ አውሮፕላኑን ከመስመር ይገፋዋል።

ጎሊና ሲሞላ እንዴት ነው የምንሻገረው? ፊታችንን ወደ ውሃው መምጫ አዘንብለን አይደል? ውሃው እየገፋ ካሰብነው መውጫ ያደርሰናል። አብራሪም አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አዙሮ በጎን ይመጣል። ጎማው መሬት ሊነካ ሲል አፍንጫውን ከማኮብኮቢያው ጋር ያቀናል፤ በነፋሱ በኩል ያለውንም ክንፍ ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ይህ ሁሉ በጥቂት ሴኮንድ ነው። ካላቀናው ጎማው ወደ ጎን ይጎተታል፤ ክንፉን ካልያዘው ነፋሱ ከሥር ገብቶ ያነሣዋል።

በትንንሾቹ ይብሳል። ባለ አራት መቀመጫው ሴስና 172 በመመሪያው ላይ ተፈትኖ የታየበት የጎን ነፋስ 15 ኖት ነው፤ በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በረራ የጀመረባቸው ዳኮታዎችም ሦስተኛው ጎማቸው ከጭራ ሥር ስለነበር፣ መሬት ከነኩ በኋላ እንኳ ነፋስ ጭራቸውን ገፍቶ ሊያሽከረክራቸው ይችል ነበር። ደግነቱ በትንንሽ አውሮፕላኖች እንዲህ ያለው አደጋ ብዙውን ጊዜ ጎማና ክንፍ ይሰብራል እንጂ ነፍስ እምብዛም አያጠፋም።

ትልቁም ቢሆን አያመልጥም። የካቲት 22 ቀን 2000 ዓ.ም. ጀርመን አገር፣ ሃምቡርግ ላይ፣ 137 ሰው የያዘ የሉፍታንዛ ኤርባስ በማዕበል ነፋስ ሊያርፍ ሲል የግራ ክንፉ ጫፍ መሬት ፋቀ። አብራሪዎቹ «እንደምንም እናሳርፈው» አላሉም። ተነሥተው፣ ዞረው፣ በሌላ ማኮብኮቢያ አረፉ። አንድም ሰው አልተጎዳም።

እንግዲህ የእናትህም አብራሪ ያደረገው ይህንኑ ነው። ዞሮ መሞከር የሥራው ደንብ ነው፤ የሚሠለጥነውም ለዚሁ ነው። የሚያስፈራው ተሳፋሪ እንዳያማው ብሎ በግድ የሚያሳርፈው ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?

አሁን የምመክርህ ይህን ነው። ከተቻለ የጠዋት በረራ ቁረጥላቸው፤ ፀሐይ መሬቱን ሳታግለው ነፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ረጋ ያለ ነው። መቀመጫቸው ክንፉ አካባቢ ቢሆን መናወጡ ይቀንስላቸዋል። ቀበቷቸውን ጠበቅ ያድርጉ። ከሁሉም በላይ ብቻቸውን አትላካቸው፤ የሚያውቁት እጅ አጠገባቸው ይሁን። ይህ ሁሉ ተደርጎ «አይሆንም» ካሉ ግን ወገቡ የእሳቸው ነውና በሁለት ቀን ከፋፍላችሁ፣ ደሴ አሳድራችሁ በመኪና ውሰዷቸው። ቀጠሮው ግን እንዳያልፍ!

ጎረቤትህን ደግሞ ይህን ጠይቅልኝ፤ ጎሊና ሞልቶ ሹፌሩ ዳር ላይ ሲቆም «ግባ እንጂ! ምን ያስፈራሃል?» እያለ ከኋላ የሚጮኸው እሱ ይሆን እንዴ? ውሃው ሲወስድ ሹፌሩን ብቻ መርጦ አይወስድም።

እናትህ የወሰኑትን ጻፍልኝ። ደህና ሰንብቱ።