ከቁርስ በፊት ስለ መሮጥ

በቡታጅራ ጎሕ ሲቀድ፥ የዘቢዳር ተራራ ገና ጉም እንደ ለበሰ፥ ቁርስ ሳይቀምሱ የሚሮጡ ወጣቶችን እናያለን። በባዶ ሆድ መሮጥ ጮማን ፈጥኖ ያቀልጣል ይባላልና ነገሩን ልንመረምረው ወደድን።

እርግጥ ነው፥ ሌሊቱን ምግብ ያልገባለት ሰውነት በጉበቱ ያከማቸው ስኳር ስለሚቀንስ፥ በሩጫው ሰዓት ከስቡ አብዝቶ ያነድዳል። ዳሩ ግን ጧት ስብ ያነደደ አካል በቀረው ቀን ስቡን ሊቆጥብ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የአሜሪካ ጥናት 20 ወጣት ሴቶች ለ4 ሳምንት፥ በሳምንት 3 ቀን አንዳንድ ሰዓት ሠሩ፤ እኩሌቶቹ በባዶ ሆድ፥ እኩሌቶቹ በልተው። ምግባቸው ተመጥኖ ነበርና ሁለቱም ወገን ቀነሱ፤ ልዩነት ግን አልታየባቸውም። ሰዎቹ ጥቂት፥ ጊዜውም አጭር መሆኑ አይዘንጋ።

እንግዲህ ሚዛኑን የሚያዘነብለው ማዕዱ ነው። ለመስቀል ቅቤ የጠገበ ክትፎ ከቆጮ ጋር ሲቀርብ፥ የጧቱ ሩጫ እንዴት ይችለዋል? አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 100 ካሎሪ ያህል አለው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ይህን ለማንደድ ከአንድ ተኩል ኪሎ ሜትር በላይ ይሮጣል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾሞ ማታ ያለ ልክ የሚመገብም እንዲሁ ነው።

ማለዳ የሚመቸው በማለዳ ይሩጥ። ስለ ስኳር በሽታ ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ኪኒን የሚውጥ ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፤ ላብ፥ መንቀጥቀጥና የዓይን ብዥታ ቢሰማው፥ የጾሙ ሰዓት ባይደርስም፥ ወዲያው ቆሞ ስኳር ይቅመስ።