ታንኩ ውስጥ ማን ነበር?

በሐምሌ 2010 ከኤርትራ ጋር እርቅ ወርዶ የአስመራ በረራ ሲከፈት፣ የሄደ ሁሉ ፎቶ ይዞ ተመለሰ። ከሰፈራችንም አንድ ወጣት ምጽዋ ድረስ ዘልቆ ኖሮ፣ ቡና ላይ ተሰብስበን ስልኩን አዞረልን። ባሕሩን አሳየን፣ ዓሣውን አሳየን፣ ከዚያ ከፍ ካለ መደብ ላይ የቆሙ ሦስት ታንኮች መጡ። እሱ ከፊታቸው ሆኖ ሁለት ጣቱን ቀስሮ ይስቃል።

ቡናውን የሚያፈሉት እናት ስልኩን ተቀብለው ትክ ብለው አዩትና፣ “ውስጡ ማን ነበር?” አሉ።

“እንዴ እማማ! ሐውልት እኮ ነው፤ ባዶ ነው።”

ስልኩን መልሰው ወደ ጀበናቸው ዞሩ። የበኩር ልጃቸው የታንክ ሾፌር ነበር። የመጨረሻ ደብዳቤው ከምጽዋ የመጣው በ1982 የገና ሰሞን ነው። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤም የለ፣ መርዶም የለ፣ ተዝካርም የለ።

እስቲ እኛም እንጠይቅ። ታንኮቹ የቆሙት ሻዕቢያ የካቲት 1 ቀን 1982 በጀመረውና “ፈንቅል” በሚለው ዘመቻ ምጽዋን ለመያዙ መታሰቢያ ነው። ሻዕቢያ ደግሞ የታንክ ፋብሪካ አልነበረውም፤ ከባድ መሣሪያውን በአብዛኛው የማረከው ከኢትዮጵያ ጦር ነው። በመጋቢት 1980 አፍአበት ላይ ናደው ዕዝ ሲፈርስማ፣ ሸለቆ ውስጥ የተዘጋውን የራሳችንን የታንክ ሰልፍ እንዳይማረክ ተብሎ የደበደበው የራሳችን አውሮፕላን ነበር። ያን ቀን የታሰበው ለብረቱ ነው።

ኤርትራውያን ለልጆቻቸው መታሰቢያ ቢያቆሙ መብታቸው ነው። ምጽዋ ከተያዘች በኋላም ከአየር የተደበደበው የከተማው ሕዝብ የራሱ ሐዘን አለው። ከእነሱ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ከእኛው ጋር ነው።

አንድ ቲ-55 ታንክ አራት ሰው ይይዛል፦ አዛዥ፣ ተኳሽ፣ አጉራሽ፣ ሾፌር። ከምጽዋ ውጊያ ግን የአብዛኛዎቻችን አፍ ላይ ያለው አንድ ስም ነው፤ እጅ አልሰጥም ብለው ራሳቸውን የሠዉት የብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ። ይገባቸዋል። አጉራሹስ? ሾፌሩስ? የእነሱ ስም በተርታ የተጻፈበት ድንጋይ እኔ በአገሬ አላየሁም።

“ይሄ እኮ ደርግን ማወደስ ነው” የሚለኝ አይጠፋም። የለም ወዳጄ! በ1975 የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ ሲወጣ ልጆቹን ማን አማከራቸው? ስንቱ ከመንገድ ታፍሶ፣ ስንቱ ከእናቱ ጓሮ ተጎትቶ ሄደ! ሥርዓቱን የፈለጋችሁትን ያህል ውቀሱ፤ እኔም አብሬ እወቅሳለሁ። ግን የሥርዓቱን ዕዳ በሟቹ ልጅ ላይ መጻፍ፣ አልፎም እናቱን መርዶ መንፈግ፣ ምን የሚሉት ፍርድ ነው?

“ዝርዝሩ ከየት ይመጣል?” ለሚለኝም መልስ አለኝ። ወታደር ደመወዝ የሚከፈለው በስሙ ነው። ጠመንጃ የሚረከበው ፈርሞ ነው። ያልተመዘገበ ወታደር የለም። መዝገቡ ጎድሎ ከሆነ ደግሞ ግንቦት 1983 ላይ የተበተነው ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ሁሉም አልሞተም። ጓደኛውን በእጁ የቀበረ፣ ስሙን ከነአባቱ የሚያስታውስ ሽማግሌ ዛሬም በየሰፈሩ አለ። ነገ ግን አይኖርም። ቀበሌ ለስንቱ ነገር ቤት ለቤት ይዞር የለም እንዴ? ለዚህም ይዙር።

ከ2016 ወዲህ ደግሞ የባሕር በር ወሬ ሞቅ ብሏል። በሰላም ቢገኝ ማን ይጠላል! ነገር ግን ትናንት እዚያው ባሕር ዳር የቀሩትን ሳይቆጥር ስለ ነገ ዘመቻ የሚፎክር ሰው፣ ነገ የሚቀሩትንም አይቆጥርም።

አባቶቻችን ጀግናን በፈረሱ ይጠሩት ነበር። አባ ታጠቅ ሲባል ቴዎድሮስ፣ አባ ዳኘው ሲባል ምኒልክ፣ አባ ነጋ ሲባል አሉላ። ፈረሱ ሲነሣ ባለቤቱ አብሮ ይነሣል። እኛ ፈረሱን ፎቶ እናነሣለን፤ ፈረሰኛው ማን እንደሆነ ስንጠየቅ “ባዶ ነው” እንላለን።

ባዶ አልነበረም። እማማ ያውቃሉ። እስካሁንም ተዝካር አላወጡም፤ ሞቷል ብሎ የነገራቸው የለማ!