የእግር ቁስል ተራ አይጠብቅም

ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ስንት ቀን መጠበቅ ይችላል? ጥያቄውን ያለምክንያት አላነሣነውም። ከጎረቤቶቻችን አንዱ እሾህ ነጠላ ጫማውን በስቶ ወግቶት ቀኑን ሙሉ ሲሄድበት ዋለ፤ ማታ ጫማው በደም ርሶ ሲያየው ነው ያወቀው። ምንም አልተሰማውም። ስኳር ለዓመታት ሲበዛ የእግርን ነርቭ ያደነዝዛል፤ የደም ሥሩም ከጠበበ ቁስሉ የሚድንበትን ደም አያገኝም። እዚህ ካኩማ ደግሞ እሾህ ሞልቷል።

ክሊኒክ ሄደ፣ ቁስሉ ታጠበለት፣ ወደ ናይሮቢ ሪፈራል ተጻፈለት። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ የስም ዝርዝር፣ የመውጫ ፈቃድ፣ የመኪና ወረፋ፣ ከዚያም ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ። ሲደርስ ጣቱ ጠቁሮ ነበር። ሁለት ጣት ተቆረጠ። እግሩ ተረፈ፣ ተመስገን።

በናይሮቢ ኬንያታ ሆስፒታል በስኳር ሕመምተኞች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ከ1788 ሰዎች በ82ቱ ላይ የእግር ቁስል አግኝቷል። ቁስሉን ካባባሱት ውስጥ ያልተቆጣጠሩት ስኳር፣ ኢንፌክሽንና እግርን አለመንከባከብ ይገኙበታል። ስፔሻሊስት የሚሠራው ተአምር አይደለም፤ የሞተውን ሥጋ ያነሣል፣ የደም ዝውውሩን ያያል፣ ተገቢውን መድኃኒት ያዛል፣ ቁስሉ ላይ ክብደት እንዳያርፍ ያደርጋል። ግን በጊዜ ሲደርሱለት ነው።

የዐይን ሞራ አንድ ወር ቢጠብቅ ያው ሞራ ነው። የመረቀዘ የስኳር እግር ግን በቀናት ውስጥ ከጣት ወደ ቁርጭምጭሚት ይወጣል። ሁለቱን በአንድ መዝገብ ማሰለፍ ልክ አይደለም እንላለን። ያበጠ፣ የሸተተ፣ የጠቆረ ወይም ትኩሳት ያመጣ እግር ከእባብ ንክሻና ከከባድ ምጥ እኩል በአስቸኳይ ይታይ፤ ፈቃዱም በዚያው ቀን ይፈረም። በጀት የለም እንደምንባል እናውቃለን። እግር መቁረጥስ ይረክሳል ወይ?

እኛም ጥፋት አለብን። ቁስሉን በፍል ውሃ እንዘፈዝፋለን፣ አመድ እንነሰንሳለን፣ የጠነከረውን ቆዳ በምላጭ እንልጣለን። ይቅርብን። የደነዘዘ እግር ሳይቆስል የሚታወቅበት ቀላል መንገድ አለ፦ በሽተኛው ዐይኑን ይጨፍን፣ ሌላ ሰው የሁለቱንም እግር አውራ ጣት፣ የመሀል ጣትና ትንሿን ጣት ጫፋቸውን ለአንድ ለሁለት ሴኮንድ ቀስ አድርጎ ይንካ፤ መጫን የለም። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰማው ክሊኒክ ሄዶ ይንገር። ልጆችም ሊሠሩት ይችላሉ። ጠዋት ጫማ ከማጥለቅ በፊት ማራገፍም እንዳይረሳ።