ጎረቤት ከመጠርጠር ቧንቧ መጠርጠር

አከራይና ሦስት አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ግቢ የወሩ የውሃ ሂሳብ በድንገት እጥፍ ሆኖ የመጣ ዕለት ምርመራው የሚጀምረው ከሰው ነው። ሕፃን ያላት ተከራይ ልብስ አበዛች ይባላል፣ ጠላ የምትጠምቀዋ ስሟ ይነሳል፣ ሰሞኑን ዘመድ የመጣበት ቤት እንግዳው ይቆጠራል። ቀጥሎ ተረኛው ቆጣሪ አንባቢው ነው፤ ሳያይ ገምቶ ጻፈ ተብሎ ይታማል። ከዚያ ቆጣሪው ራሱ ይረገማል። ቧንቧው ግን መሬት ውስጥ ተቀብሮ ስለማይታይ የሚጠረጠረው መጨረሻ ላይ ነው፣ ነገሩ ከመኳረፍ አልፎ እስከዚያ የሚደርስበት ግቢም ጥቂት ነው። የእኔ ክርክር ይህ ቅደም ተከተል ይገልበጥ የሚል ነው። በምዕራብ ጎጃሞቹ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ እንዲሁም ውሃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ከተሞች ሁሉ፣ ከቆጣሪ ወዲያ ያለውን ስውር ቀዳዳ መፈለግ የግቢው ባለቤት የግል ጣጣ ብቻ ሆኖ መቅረት የለበትም። የውሃ አገልግሎቱም ሥራ ነው።

ነገሩን በሰፈር መለኪያ እናስላው። የአንድ ሊትር ሃይላንድ በ10 ደቂቃ የሚሞላ ቀዳዳ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፣ ቀን ላይ ድምፁም አይሰማም። ሌሊትና ቀን ከፈሰሰ ግን በቀን 144 ሊትር፣ በ30 ቀን 4 ሺህ 320 ሊትር ይሆናል፤ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 216 መሆኑ ነው። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ መንግሥት ለከተሞች ያስቀመጠው መለኪያ እንደ ከተማው ደረጃ በነፍስ ወከፍ በቀን ከ40 እስከ 100 ሊትር፣ ለገጠር ደግሞ 25 ሊትር ነበር። በዚህ ሚዛን ያቺ ምንም የማትመስል ቀዳዳ በትንሽ ከተማ የሦስት ሰው ተኩል፣ በገጠር የስድስት ሰው ያህል ድርሻ ትጠጣለች። ያንኑ በቀን የሚፈሰውን ሰባት ጀሪካን ያህል ውሃ ከምንጭ በጀርባዋ የምታመላልስ የጃቢ ጠህናን ወረዳ ሴት ቀኗ በዚያው ያልቃል። በዚህ ላይ የውሃ ታሪፍ በእርከን የሚጨምር ከሆነ፣ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ሜትር ኪዩብ ዋጋ ከፍ ይላል። ብዙ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ የሚጠቀምበት ግቢ ያለ ቀዳዳም ቢሆን ወደ ላይኛው እርከን የቀረበ ነው። ቀዳዳው የሚያደርገው ገፍቶ ማሻገር ነው፤ ያኔ የግቢው ውሃ አማካይ ዋጋ ይወደዳል።

«ቆጣሪው ተበላሽቶ ቢሆንስ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፣ መልሱ ግን ብዙዎች ከሚገምቱት የተለየ ነው። በውሃ ፍሰት የሚዞር የተለመደው ቆጣሪ ሲያረጅ አብዛኛውን ጊዜ ይለግማል እንጂ አይፈጥንም። ውስጡ ሲበላና ሲሻክር ጥቂት ውሃ ሳይቆጥር ያሳልፋል፣ ስለዚህ አሮጌ ቆጣሪ በአመዛኙ የሚጎዳው ሻጩን ነው። አንድ ትልቅ ነገር ግን ለደንበኛው መታመን አለበት። በፈረቃ ከተማ ውሃው ሲመለስ በባዶው ቧንቧ የቆየውን አየር እየገፋ ይመጣል፣ ያ አየር ቆጣሪውን ሊያዞረው ይችላል። ሰው «አየር እየቆጠረብኝ ነው» ሲል ቅዠት አይደለም። ሆኖም የአየሩ ጣጣ ፈረቃው ባለበት ሁሉ ከወር ወር የሚደጋገም ነው፤ ባለፈው ወር ያልነበረ ድንገተኛ ጭማሪ ሲመጣ ጣቱ ወደ ቧንቧው ይጠቁማል።

ፍለጋው ሊቅ አይጠይቅም፣ ትዕግሥት እንጂ። ውሃ የሚያከፋፍለውን የገጠሩን የውሃ አባት ማሰብ ይበቃል። የመስኖ ውሃ ከጠለፋው ሙሉ ሆኖ ተነሥቶ ማሳው ላይ ሲያንስ የውሃ አባቱ ቦዩን ተከትሎ ይሄዳል፤ ሙሉ ከሆነበትና ካነሰበት ቦታ መካከል ቀዳዳው አለ። የግቢው ቧንቧም እንዲሁ ነው። ውሃ በመጣበት ሌሊት፣ ሮቶው (የውሃ ማጠራቀሚያው) ከሞላ በኋላ፣ ቧንቧው ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ይታያል። ጥቁሮቹ አሃዞች ሜትር ኪዩብ ሲሆኑ ቀዮቹ ከዚያ በታች ያለውን ይቆጥራሉ፣ አጠገባቸው ያለችው ኮከብ መሰል መዘውር ደግሞ ትንሽ ውሃ ሲያልፍም ትዞራለች። ማንም ሳይቀዳ ከዞረች ውሃው ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር እየጠፋ ነው፣ ወይም ሮቶው ሲሞላ መግቢያውን የሚዘጋው ተንሳፋፊ ኳስ አልዘጋ ብሎ በላይ እየፈሰሰ ነው። ካልዞረች ፍለጋው ከሮቶው ወዲያ ይቀጥላል። የሮቶው መግቢያ ይዘጋና ማታ እንጨት ነክሮ ውሃው የደረሰበትን በከሰል ማስመር፣ ጠዋት ደግሞ መንከር፤ ከወረደ ቤቱ ውስጥ አንድ ቦታ ያፈሳል። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው የሽንት ቤቱ ገንዳ ነው፤ ጎሚኒው አርጅቶ ውሃው ድምፅ ሳያሰማ ወደ መቀመጫው ይወርዳል። ገንዳው ውስጥ የቀይ ሥር ውሃ ጨምሮ ሳይለቁ ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ነው፣ መቀመጫው ከቀላ ተገኘ ማለት ነው። ከባዱ የተቀበረው መስመር ነው። የምዕራብ ጎጃም ቀይ አፈር ውሃን ወደ ታች ስለሚያሰርግ ቀዳዳው ላይ ኩሬ አይታይ ይሆናል። በዋልካ መሬት ደግሞ አፈሩ ክረምት እያበጠ በጋ እየተሰነጠቀ ቧንቧውን ራሱ ይሰብረዋል። ጥሩው ምስክር በበጋ ሳይደርቅ የቀረ ሰርዶ ነው። (ማንጎ ምስክር አይሆንም፤ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው።) ቧንቧው የብረት ከሆነ ሌሊት ረዘም ያለ ብረት አንዱን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ ሌላውን ጆሮ ሥር አድርጎ ማዳመጥ ይቻላል፣ ከቀዳዳ የሚወጣ ውሃ ብረቱን ያንቀጠቅጠዋልና። ፕላስቲክ ግን ድምፅ ያፍናል፤ ቤቶች ወደ ፕላስቲክ ቧንቧ በሄዱ ቁጥር ጆሮ የሚያገኘው እያነሰ፣ የሌሊቱ የቆጣሪ ንባብ ዋጋ እየጨመረ ይመጣል።

ታዲያ ሰው ራሱ ማድረግ ከቻለ የውሃ አገልግሎቱን ምን አገባው? ደንቡ ግልጽ ነው ይባላል፤ እስከ ቆጣሪው የድርጅቱ፣ ከቆጣሪው ወዲያ የደንበኛው። የኃላፊነት ድንበር አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ነገር ግን ይህ ድንበር ሪፖርቱንም አሳውሯል። የውሃ ድርጅቶች ብክነታቸውን የሚለኩት «ገቢ የማይሰበሰብበት ውሃ» በሚሉት ስሌት ነው፤ የተመረተው ውሃ ሂሳብ ከተጠየቀበት ጋር ይነጻጸራል። በአዲስ አበባ ይህ ጉድለት ከ30 በመቶ በላይ መሆኑ በተደጋጋሚ ተነግሯል። የካምቦዲያዋ ፕኖም ፔን እ.ኤ.አ. በ1993 ከነበረችበት 72 በመቶ ወደ 6 በመቶ ገደማ ወርዳ የዓለም ምሳሌ የሆነችውም በዚሁ መለኪያ ነው። ከቆጣሪ በኋላ የሚፈስ ውሃ ግን በዚህ ስሌት ውስጥ ብክነት አይባልም፤ ተቆጥሯል፣ ሂሳብ ወጥቶበታል፣ ስለዚህ «ተሽጧል»። መሬት የጠጣው ውሃ መዝገብ ላይ ሰው የጠጣው ሆኖ ይጻፋል። ሻጩ ለመፈለግ የሚገፋፋው ነገር የለም፣ ገዢው ደግሞ መጥፋቱን የሚያውቀው ሂሳቡ ሲመጣ ነው። በመካከል የየግቢውን የወር ንባብ በመዝገብ ይዞ ማነጻጸር የሚችለው አንድ አካል ብቻ ነው፣ እሱም ድርጅቱ ነው።

«በዋናው መስመር ላይ በየመንገዱ እየፈሰሰ የጓዳ ጠብታ ትቆጥራለህ?» ለሚለኝ፣ ዋናው መስመር መቅደም አለበት ብዬ እስማማለሁ። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ጥናት በታዳጊ አገሮች ከመስመሮች የሚፈሰው በቀን 45 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ እንደሆነና ወደ 200 ሚሊዮን ሰው ሊያጠጣ እንደሚችል ገምቶ ነበር። ዋናውን መስመር መቀየር ግን ብድር፣ የውጭ ምንዛሪና ዓመታት ይፈልጋል፤ ፕኖም ፔንም ያለ ከፍተኛ የውጭ ድጋፍ አልሆነላትም። አንድ ጎሚኒ መቀየር ይህን ሁሉ አይጠብቅም።

ጠንካራው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ውሃው በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጣ ከሆነ ቀዳዳውም ሁለት ቀን ብቻ ነው የሚያፈሰው የሚል። ከመስመሩ ላይ ላለ ቀዳዳ ስሌቱ ትክክል ነው፣ ያ የ216 ጀሪካን ቀዳዳ ወደ 62 ይወርዳል። ነገር ግን ያ 62 ጀሪካን የሚፈሰው ሌላው ሰፈር ተራውን ሌሊት ነቅቶ በሚጠብቅባቸው ሰዓታት ነው። ከዚህም የሚከፋ አለ። ግፊት ሲኖር ውሃ የሚያስወጣ ቀዳዳ ቧንቧው ባዶ ሲሆን በዙሪያው ያለውን ወደ ውስጥ ይስባል። በጠባብ ግቢ ውስጥ የሽንት ቤት ጉድጓድና የውሃ ቧንቧ ጎን ለጎን በሚኖሩበት አገር የሚሳበው ምን እንደሆነ መናገር አያሻም። በፈረቃ ከተማ ቀዳዳ ከኪሳራነቱ ይልቅ የጤና ጉዳይነቱ ይብሳል፤ ለዚህም ነው «ከቆጣሪ ወዲያ ያንተ ነው» የሚለው መልስ የማያሳምነኝ፣ ምክንያቱም የተሳበው ቆሻሻ በግቢው ድንበር ላይ ላይቆም ይችላል።

የምጠይቀው ከባድ አይደለም። ቆጣሪ አንባቢው ንባቡን ከባለፉት ወራት ጋር አስተያይቶ እጥፍ ሲያገኝ ሂሳቡ ከመውጣቱ በፊት ለግቢው ይንገር። የሌሊቱን ምርመራ የሚያስረዳ አጭር ጽሑፍ ከደረሰኙ ጀርባ ይታተም። ቀዳዳ መሆኑ ሲረጋገጥና በአንድ ወር ውስጥ ሲጠገን ከትርፉ ሂሳብ ከፊሉ ለአንድ ጊዜ ይቀነስ። በእንግሊዝ የውሃ ኩባንያዎች ለስውር ቀዳዳ እንዲህ ያለ ቅናሽ ይሰጣሉ። ይህ ቸልተኛን መሸለም ነው የሚል ይኖራል፤ ቅናሹ ከጥገና በኋላና አንዴ ብቻ ከሆነ ግን የሚሸለመው ያስጠገነው ነው። ቅናሽ በሌለበት ቶሎ የጠገነውም፣ ችላ ያለውም የፈሰሰበትን ሁሉ ይከፍላል።

የሚቀረው የግቢው ውስጥ ፍትሕ ነው፣ እሱ ከድርጅቱም በላይ አስቸጋሪ ይመስለኛል። ግድግዳው ሥር እርጥበቱን መጀመሪያ የምታየው ተከራይዋ ናት፤ ጭቃው ሲቦረቦርና የባሕር ዛፉ ማገር ሲበሰብስ የምትሰማውም እሷ ናት። የሲሚንቶ ወለል ለማስቆፈር ግን መብት የላትም፣ ቆጣሪውም በአከራዩ ስም ነው። ተከራዮች በነፍስ ወከፍ አዋጥተው የከፈሉት ትርፍ ሂሳብ በቅናሽ ቢመለስ ገንዘቡ የሚገባው ለአከራዩ ነው። ስለዚህ የቅናሹ ማመልከቻ ላይ የተከራዮቹም ፊርማ ይጠየቅ፣ የተቀነሰው ብር መጠንም በቀጣዩ ወር ደረሰኝ ላይ ለብቻው ተጽፎ ይምጣ፤ ደረሰኙን ደግሞ የግቢው ሰው ሁሉ ያየዋል።