መተማመን ወረቀት አይጠላም
(ቤት ለሚገዙና ለሚሸጡ ቤተሰቦች)



ውድ አንባብያን፣ በዚህ ወር አምዳችን ስለ ቤት ግዥና ሽያጭ እንነጋገራለን። ይህ ብዙ ቤተሰብ በዕድሜው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ የሚፈጽመው ግብይት ነው። በቆሎ ወይም በርበሬ ስንገዛ ብንታለል በሚቀጥለው ገበያ ዓይናችን ይከፈታል። በቤት የተታለለ ሰው ግን ለትምህርቱ የሚከፍለው የዕድሜ ልክ ጥሪቱን ነው።

ጉዳዩን እንድናነሳ ያደረገን የከተማችን የቦንጋ ሁኔታ ነው። ቦንጋ የከፋ ዞን ዋና ከተማ ሆና ኖራለች። ዩኒቨርሲቲ ተከፈተባት፤ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ደግሞ የክልሉ የፖለቲካና የአስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ሠራተኛው፣ ነጋዴውና ተማሪው ወደ እርሷ መጣ። ቀድሞ ከአጎት ለወንድም ልጅ፣ ከጎረቤት ለጎረቤት ይተላለፍ የነበረው ቤት ዛሬ ከጂማ፣ ከሚዛን ወይም ከአዲስ አበባ ለመጣ እንግዳም ይሸጣል። የአሻሻጡ ልማድ ግን በብዙ ቦታ የድሮው ነው፤ ሁለት ሽማግሌ፣ አንድ ስኒ ቡና፣ "እኛ እንተማመናለን" የሚል ቃልና መጨባበጥ።

መተማመን ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የተጨባበጡት ሁለቱ ሰዎች ሲሞቱ ልጆቻቸው በምን ይተማመናሉ? አባቶቻችን በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ያሉት ይህን አይተው ነው። ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረዥሙ የሱረቱል በቀራ 282ኛው አንቀጽ መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ስለ ምን እንደሚናገር ግን ስንቶቻችን አስተውለናል? በጊዜ የተወሰነን ዕዳ ስለ መጻፍ፣ ስለ ጸሐፊው ፍትሐዊነትና ስለ ምስክሮች ነው። ጥሪው የቀረበው ደግሞ ለምእመናን ነው፤ እርስ በርስ መተማመን ለሚገባቸው ሰዎች ማለት ነው። እንግዲያው ወንድሙን "እንጻፈው" ያለ ሰው ወንድሙን አልጠረጠረም፤ ወንድማማችነቱን ከነገው ጥርጣሬ ጠበቀ እንጂ።

የአገራችንም ሕግ ይህንኑ ይጠይቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ ውሉም በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ ያዛል። ሦስተኛ ወገን እንዲያውቀው ደግሞ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ መመዝገብ አለበት። በሽማግሌ ፊት የተጻፈች አንዲት ገጽ ለመነሻ ትጠቅማለች፤ የስም ዝውውር ግን አይደለችም።

የምንገዛው ምንድን ነው?

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት መሬት የማይሸጥ መሆኑ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ እንደሆነ፣ እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ሰው የሚሸጠው በላዩ ላይ የሠራውን ቤት ነው። ስለዚህ "ካሬውን በዚህን ያህል ሰጠሁህ" የሚል ውል ከመሠረቱ ችግር አለበት።

ቤቱ ያረፈበት ይዞታ ነባር ነው ወይስ በሊዝ የተገኘ? ይህ ልዩነት ገንዘብ ያስከፍላል። የ2004ቱ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በሌላ መንገድ ሲተላለፍ፣ አዲሱ ባለቤት ቦታውን በሊዝ ሥርዓት እንዲይዝ ደንግጓል። በሊዝ የተያዘ ከሆነ ደግሞ ያልተከፈለ ቀሪ ሊዝ ይኖር ይሆናል። ሕግ ይሻሻላልና፣ ገዢ ከመዋዋሉ በፊት ራሱ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ "ይህ ቤት በስሜ ቢዛወር ምን ያስከፍለኛል?" ብሎ ይጠይቅ። እግረ መንገዱንም ካርታው ከመዝገቡ ጋር መስማማቱን፣ ስፋቱ በቦታው ላይ ካለው አጥር ጋር መግጠሙን፣ ቤቱ በባንክ ዕዳ አለመያዙንና የፍርድ ቤት እግድ የሌለበት መሆኑን ያረጋግጥ። የካርታ ፎቶ ኮፒ ይዞ የመጣን ሰው ዋናውን አሳየኝ ማለት ነውር አይደለም።

ከከተማው ዳር የሚገኝ ርካሽ ቦታ የሚያማልላቸውም አሉ። የገበሬ ይዞታ ሆኖ ሳለ በብድር ወይም በስጦታ ውል ተሸፍኖ ይሰጣቸዋል፤ ቶሎ ብለውም የጨረቃ ቤት ይሠሩበታል። ከተማው ሲሰፋ ካሳ የሚከፈለው ለሕጋዊ ባለይዞታ ነው። የሐሰት የብድር ውል የያዘ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ምን ይላል? አበደርኩ ቢል ዋሸ፤ መሬት ገዛሁ ቢል ራሱን ከሰሰ።

ሻጩ ማነው?

ውድ አንባብያን፣ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ ትልቁ በደል የሚፈጸመው በዚህ ነውና።

ባለትዳር ከሆነ የትዳር ጓደኛው ስምምነት በጽሑፍ ይኑር። የ1992ቱ የተሻሻለ የቤተሰብ ሕግ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱንም ስምምነት ይጠይቃል። "ሚስቴ ታውቃለች" የሚል ቃል አይበቃም፤ እርሷ ራሷ ትምጣና ትፈርም።

የውርስ ቤት ከሆነ ደግሞ ጥንቃቄው ይበልጣል። በየሰፈራችን ያለው ልማድ ምን ይመስላል? አባት ይሞታል፤ ሚራሱ ሳይከፈል ዓመታት ያልፋሉ፤ ታላቅ ወንድም ቤቱን እንደ ራሱ ይዞ ይኖራል፤ አንድ ቀንም ይሸጠዋል። እናት በልጇ አፍራ ዝም ትላለች። ያገባች እህት "ባሏ ቤት አላት" ተብላ ትረሳለች።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ ሰው ከጋብቻው በፊት የራሱ የነበረ ቤት ትቶ ሞተ እንበል። ዕዳውና ኑዛዜው ተጠናቋል፤ ወላጆቹ ቀድመውት ሞተዋል። ሚስት፣ ሁለት ወንዶች ልጆችና አንዲት ሴት ልጅ አሉት። ቤቱ 800 ሺህ ብር ያወጣል። በሸሪዓው አከፋፈል ሚስት አንድ ስምንተኛውን፣ 100 ሺህ ብር ትወስዳለች። ቀሪው 700 ሺህ በአምስት እጅ ይከፈልና ወንዶቹ እያንዳንዳቸው 280 ሺህ፣ እህታቸው 140 ሺህ ይደርሳቸዋል። ቤቱ በጋብቻ ውስጥ የተፈራ የጋራ ሀብት ቢሆን ኖሮ ደግሞ በአገሪቱ ሕግ ግማሹ ቀድሞውኑ የሚስት ነው፤ ውርሱ የሚታሰበው በባል ድርሻ ላይ ብቻ ይሆናል። እንግዲህ ታላቅ ወንድም ብቻውን ሸጦ 800 ሺውን ኪሱ ሲያስገባ 520 ሺው የእርሱ አልነበረም። አውቆ የገዛውስ ሰው ከዚህ በደል ነጻ ነው?

ስለዚህ ገዢ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ይጠይቅ፤ በላዩ ላይ ስማቸው ያለ ሁሉ ይፈርሙ ወይም በሕጋዊ ውክልና ይወከሉ። በስምምነት ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መሄድ ለሚፈልጉ ቤተሰቦች የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 34 በሩን ይከፍታል፤ ሁሉም ወገኖች ግን መፍቀድ አለባቸው። ካልተከፈለ የጋራ ንብረት ላይ ድርሻውን መሸጥ የፈለገ ወራሽም ቅድሚያውን ለሸሪኮቹ ይስጥ። ሹፍዐ የሚባለው ሕግ የተደነገገው ባዕድ በመካከል ገብቶ ቤተሰብ እንዳይታወክ ነው።

ቤቱን ማየት

ከፋ ዝናብ የበዛበት አገር ነው፤ ቦንጋም ኮረብታና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። ስለዚህ ቤት በበጋ ብቻ አይታይ። ከተቻለ ሐምሌ ወይም ነሐሴ ላይ፣ ዝናብ እየዘነበ ሂዱ። ከቤቱ በላይ ካለው ዳገት የሚወርደው ጎርፍ በየት ያልፋል? ቦይ አለው ወይስ ግድግዳውን እየመታ ነው? ከታች በኩል አፈሩ እየተናደ አይደለም? መንገዱ በክረምት በሽተኛ ለማውጣት ይሆናል?

የጭቃ ቤት ከሆነ የማዕዘኑን እንጨት ከመሬት ጋር በሚገናኝበት ቦታ በቢላዋ ጫፍ ወጋ አድርጉ፤ ከሰመጠ ወይ በስብሷል ወይ ምስጥ በልቶታል። በር ዘግታችሁ ወደ ጣሪያው ቀና በሉ፤ ቆርቆሮው ከተበሳ ብርሃኑ ይነግራችኋል። አዲስ ቀለም ከታች በኩል ብቻ ተቀብቶ ካያችሁ እርጥበት ተደብቆ ይሆናል። የውሃና የመብራት ቆጣሪው በማን ስም ነው? ዕዳስ አለበት? መጸዳጃው ከውሃ ጉድጓድ ምን ያህል ይርቃል? ጎረቤትን መጠየቅም አትርሱ፤ የወሰን ክርክር ካለ ከደላላው ይልቅ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

ዋጋ፣ ቀብድና ደላላ

የቡና ገንዘብ በሚገባበት ወቅት ብዙ ሰው ለመግዛት ይጣደፋል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነውና፣ ቢያንስ ሦስት ተመሳሳይ ቤቶችን ሳታዩ ዋጋ አትቁረጡ። ደላላው "ሌላ ገዢ እየመጣ ነው" ቢል አትደንግጡ። ሳይገዛ ዋጋ የሚያንር ሰው ማቆም ነጀሽ የሚባል ነው፤ በሸሪዓም የተከለከለ ነው። የደላላውን ክፍያ ማን እንደሚከፍልና ስንት እንደሆነ ከመጀመሪያው ተነጋገሩ።

ቀብድ ቀላል ነገር አይምሰላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ መሠረት ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካልፈጸመ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱ ሳይመረመር ቀብድ አትስጡ፤ ስትሰጡም በባንክ በኩል ይሁን። ቀሪውን ገንዘብ ከስም ዝውውሩ ጋር አያይዙት።

አንድ ክፉ ልማድም አለ። ቀረጥ እንዲቀንስ ተብሎ በውሉ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ዋጋ ይጻፋል። ውሸትነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ነገ ውሉ ቢፈርስ ገዢው ማስረጃ የሚኖረው ለተጻፈው ብቻ ነው።

ገንዘብ ያጠራቸው ወንድሞችና እህቶች ወለድ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት ሌላውን መንገድ ይመልከቱ። ከወለድ ነጻ በሆነ አሠራር ብቻ የሚሠሩት ዘምዘምና ሂጅራ ባንኮች በ2013 ዓ.ም. ሥራ ጀምረዋል፤ ሌሎች ባንኮችም ከወለድ ነጻ አገልግሎት አላቸው። በሙራባሓ ውል ባንኩ ንብረቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ገልጾ በተወሰነ ዋጋ መልሶ ይሸጥላችኋል። ከመፈረማችሁ በፊት ጠቅላላ ዋጋው ስንት እንደሆነና ክፍያ ቢዘገይ ምን እንደሚሆን አስነብቡ።

ለሻጭ

እስካሁን ለገዢ ተናገርን፤ ሻጭም ድርሻ አለው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በገበያ ሲያልፉ ወደ እህል ክምር እጃቸውን ቢያስገቡ ውስጡ እርጥብ ሆኖ እንዳገኙት ሙስሊም ዘግበዋል። ባለቤቱ ዝናብ እንዳገኘው ሲናገር፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት። ዝናብ ለሚበዛበት ለእኛ አገር ይህ እንዴት ያለ ትምህርት ነው! ዝናቡ የሰውየው ጥፋት አልነበረም፤ መሸፈኑ ግን የእርሱ ነበር። የእኛም ግድግዳ መርጠቡ ኃጢአት አይደለም። ገዢው ጠይቆ እስኪያገኘው ሳንጠብቅ "እዚህ ጋ ክረምት ይረጥባል" እንበል። ዋጋው ጥቂት ይቀንስ ይሆናል፤ ነገር ግን እውነቱን በተናገሩና ጉድለቱን በገለጹ ሻጭና ገዢ ግብይት ላይ በረከት እንደሚኖር ቡኻሪና ሙስሊም በዘገቡት ሐዲስ ተነግሯል።

ውድ አንባብያን፣ የምትገዙትም የምትሸጡትም ነገር ባይኖራችሁ እንኳ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ ከሳጥኑ ውስጥ የቤታችሁን ካርታ አውጡና በቤተሰብ ፊት አንብቡት። በማን ስም ነው? በሕይወት ያለ ሰው ነው? የሟች አያት ስም ካገኛችሁ ለነገ አታሳድሩት፤ እናቶችና እህቶች ባሉበት ተቀመጡና ድርሻውን ለዩ። ሁሉም በሕይወት፣ ሁሉም በፍቅር ሳለ የተጻፈ ወረቀት ከሁሉ የቀለለ ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለሁላችንም ሰላም ያለበት ሐላል ቤት ይስጠን። በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።